12 ደቂቃ ከየት ትምጣ?

«ዕድሜዬ 34 ነው። የምሠራው ሰንጋ ተራ አንድ ባንክ ውስጥ፣ የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ ሁለቱን ልጆች አዘጋጃለሁ፣ ታክሲ ተጋፍቼ ሥራ እገባለሁ፣ ማታ ቤት ስደርስ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እራት፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ ዕቃ ማጠብ፣ የነገን ምሳ መቋጠር... ስተኛ 6 ሰዓት ነው። ከራሴ ጋር የምሆንበት አምስት ደቂቃ እንኳ የለኝም። የሜዲቴሽን አፕ ስልኬ ላይ ጭኜ ሞከርኩ፤ ዓይኔን ስጨፍን ወይ ጭንቅላቴ ውስጥ ገበያ ይቆማል፣ ወይ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። መሃል ከተማ ደግሞ ጸጥ ያለ ቦታ የለም። ባለቤቴ ፈቃድ ውሰጂና አንድ ሳምንት ገዳም ሂጂ ይለኛል። ጓደኛዬ ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ጸልዪ ይበቃሻል ትላለች። ችግሩ እኔ ጋ ይሆን? ጸጥታስ የት ነው የሚገኘው?»

ከእንቅልፍሽ ልጀምር። 6 ሰዓት ተኝተሽ 11 ሰዓት ትነሺያለሽ። ይሄ አምስት ሰዓት ነው፤ በመሃል ትንሹ ልጅ «ውኃ» ብሎ ከቀሰቀሰሽ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የእንቅልፍ ሐኪሞች ለአንድ አዋቂ ሰው የሚመክሩት ቢያንስ ሰባት ሰዓት ነው። ስለዚህ ዓይንሽን ስትጨፍኚ እንቅልፍ የሚወስድሽ ነገሩ ስላልተሳካልሽ እንዳይመስልሽ። ሰውነትሽ ዕዳውን እየሰበሰበ ነው። ባገኘበት ይሰበስባል፤ ታክሲ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ፣ ስብከት ላይ። ሁለት ሰዓት እንቅልፍ በየቀኑ እየጎደለበት ጸጥታን የሚፈልግ ሰው፣ ቁርስ ሳይበላ ቫይታሚን እንደሚገዛ ሰው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም መፍትሔው አንቺ ጋ ብቻ አይደለም፤ ገዳም ሂጂ ያለሽም ሰው ድርሻ አለበት።

ገበያው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው «ጸጥ ማለት» ሲባል ምንም አለማሰብ ይመስለዋል። ከዚያ ሁለት ደቂቃ ይቀመጣል፣ ሐሳቡ ይጎርፍበታል፣ «እኔ አልችልም» ብሎ ይነሣል። ምንም የማያስብ ጭንቅላት የለም። ያውም ቀኑን ሙሉ ሲታዘዝ የዋለ ጭንቅላት ድንገት ፈታ ሲሉት፣ ያልጨረሰውን ሁሉ ይዞ ይመጣል፤ ይሄ ጤነኛ ጭንቅላት የሚያደርገው ነው። ብቻሽንም አይደለሽም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ ሰዎችን ባዶ ክፍል ውስጥ ለ15 ደቂቃ ብቻቸውን አስቀመጡ። ስልክ የለም፣ መጽሐፍ የለም። ያለው አንድ ቁልፍ ነው፤ ሲጫኑት በኤሌክትሪክ ይነዝራል። ሰዎቹ ንዝረቱን ቀድመው ቀምሰውት «ይሄ እንዳይደገምብኝ ገንዘብ እከፍላለሁ» ያሉ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ከ18ቱ ወንዶች 12ቱ፣ ከ24ቱ ሴቶች 6ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቁልፉን ተጫኑት። ከራሳቸው ሐሳብ ጋር ቁጭ ከማለት መነዘር ተሻላቸው ማለት ነው። አንቺ ስልክሽን አነሣሽ እንጂ ራስሽን አልነዘርሽም።

አፑን በተመለከተ፣ ክፉ ነገር አይደለም፤ አንዳንድ ሰው ይጠቅመዋል። ግን በለስላሳ እንግሊዝኛ «የባሕር ዳርቻ ላይ እንዳለሽ አስቢ» የምትልሽ ድምፅ ለአያት ኮንዶሚኒየም የተሠራች አይመስለኝም። እኔ በበኩሌ ባሕር ስባል የሚመጣልኝ ላንጋኖ ነው፣ እሱም ሐይቅ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ጸጥታውን የምትፈልጊው ከዚያው ጸጥታሽን ከሚወስድብሽ ዕቃ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት። ጸጥ ያለ ቦታ የለም ብለሻል። ልክ ነሽ፣ የለም። ጠዋት ቆራሌው ይጣራል፣ ቀን ጄኔሬተር ይነሣል፣ ማታ የጎረቤት ቴሌቪዥን ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። ግን ድምፅ ነው የረበሸኝ ብለሽ ከያዝሽ ዕድሜ ልክሽን ስትፈልጊ ትኖሪያለሽ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ እኔ የምሠራበት ቢሮ ከዚያ ብዙም የራቀ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ኤክስካቫተር ይቆፍራል፣ ብረት ይቆረጣል፣ ገልባጭ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ ይጮኻል። ሊያማክሩኝ የሚመጡ ደንበኞቼ ይሸሹኛል ብዬ ሰግቼ ነበር። የመጀመሪያዎቹን አምስት አሥር ደቂቃዎች ይረበሻሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። በዚያው ሁካታ መሃል ግን ቦርሳ ውስጥ ያለ ስልክ አንዴ «ድዝዝ» ሲል፣ የሰውዬው ዓይን ወደ ቦርሳው ይሄዳል፣ ወሬው ይቋረጣል፣ «የቱ ጋ ነበርኩ?» ይለኛል። ኤክስካቫተሩ ከሰውዬው የሚፈልገው ነገር የለም። ስልኩ ይፈልጋል።

አንቺም የጎደለሽ ይሄ ነው፦ ማንም ምንም የማይፈልግብሽ ጊዜ። ከ11 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አንድ ሰው ሁልጊዜ ይፈልግሻል። ልጅ፣ ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ፣ ኃላፊ፣ ወያላ («ሒሳብ እህት!»)፣ የትምህርት ቤቱ ግሩፕ፣ የእቁቡ ግሩፕ፣ የእድሩ ግሩፕ፣ እህትሽ ከክፍለ ሀገር። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ስንዘል ከፊል ትኩረታችን ያለፈው ሥራ ላይ ተለጥፎ እንደሚቀር አሳይታለች። ድስት ጥደሽ የልጅ ደብተር ስታዪ፣ ደብተሩን የምታየው ግማሽሽ ናት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲጠራቀም ማታ ላይ የሚሰማሽ ያ «የትም የለሁም» የሚል ድካም እሱ ነው።

(ድምፅ ጉዳት የለውም አላልኩም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የመኪና መንገድ ድምፅ በሌሊት ከ45 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመክራል። መኝታ ቤትሽ በመንገዱ በኩል ከሆነ በሌላው በኩል ተኚ፣ ወይም የጆሮ መድፈኛ ተጠቀሚ። እሱ ግን የእንቅልፍ ጉዳይ ነው።)

ስልኩን ካነሣን አይቀር። «ድምፁን አጥፍቼ ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት ስልካቸውን ሌላ ክፍል ያስቀመጡት፣ የማስታወስና የማሰብ ፈተና ላይ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት ነበራቸው፤ ስልኩ ሳይጮኽ ማለት ነው። በኋላ ሌሎች ሲደግሙት ውጤቱ ሁሌ አንድ ዓይነት አልወጣም፣ ስለዚህ እንደ ሕግ አልሰጥሽም። ግን ቢሮዬ የማየው ከዚያ ጋር ይስማማል። የተገለበጠ ስልክ እንደ ተኛ ሕፃን ነው፤ አልነቃም፣ ጆሮሽ ግን እሱ ጋ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ከሳይንስ ይልቅ ከእኛ ከራሳችን የመጣ ነው። እኛ ጋ ብቻውን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሦስት ትርጉም ነው የሚሰጠው፦ ወይ አሞታል፣ ወይ ከፍቶታል፣ ወይ ሥራ ፈት ነው። በረንዳ ላይ አሥር ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ እስቲ። «ምን ሆነሻል?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። «ሐሳብ አታብዢ፣ ሐሳብ ነው ሰው የሚገድለው» ብሎ የሚመክርሽም ይመጣል። ደግነት ነው፣ አውቃለሁ፤ ብቸኝነት ሰው ሲጎዳ ያዩ ሽማግሌዎች ምክር ነው። ግን ውጤቱ ምን ሆነ፣ ሰው ዝም ለማለት ሰበብ መፈለግ ጀመረ። ስልክ የያዘን ሰው ማንም ምን ሆነሃል አይለውም። እና ሁላችንም ስልክ ይዘን ተቀመጥን።

ምክሩ ውስጥ ግን እውነት አለ፤ እሱን ላስቀምጠው። ማሰላሰልና ማመንዠክ አንድ አይደሉም። ላሟ የበላችውን መልሳ እንደምታኝክ፣ ጭንቅላትም አንድ ነገር ይዞ ያመነዥካል፦ «ለምን እንደዚያ አለችኝ? እንዲህ ብዬ ብመልስላት ኖሮ...» ያው ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ይመለሳል፣ አሥረኛው ላይ ከመጀመሪያው የተለየ ነገር የለውም፣ ደረትሽ ብቻ ይጨናነቃል። ይሄ ጸጥታ አይደለም፣ ይሄን በየቀኑ ብታለማምጂው ይጎዳሻል። ማሰላሰል ላይ ሐሳቡ ይመጣል፣ ታዪዋለሽ፣ ያልፋል። ያው ሐሳብ ለሦስተኛ ጊዜ ከተመለሰብሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ጻፊውና ተነሥተሽ ተራመጂ። እየታገልሽው አትቀመጪ።

የባለቤትሽን ምክር ልመልከት። ገዳም መሄድ ጥሩ ነው። እኔም ከዓመታት በፊት ሄጃለሁ፤ የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ሰባት ቀን ተቀመጥኩ፣ ጸጥ አልኩ፣ ፊቴ ሳይቀር ተለወጠ አሉኝ። በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራዬን ከቀማኝ ሰውዬ ጋር ሕዝብ እስኪሰበሰብ ድረስ ተጨቃጨቅኩ። ሰባት ቀን ያጠራቀምኩት ሁሉ እዚያች ሰልፍ ላይ አለቀ። ገዳሙ ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ሕይወቴን እንዳለች ትቼ ሄጄ፣ እንዳለች ያገኘኋት። ሱባኤ ራሱ ስሙን ያገኘው ከሰባት ነው፣ በሳምንት ነው የሚቆጠረው፤ ዓላማ ይዞ፣ ከንስሐ አባት ጋር ተመክሮ የሚገባበት ነገር ነው። የተጣበበ የጊዜ ሰሌዳን ያስተካክላል ብሎ የሰበከ አባት ግን አላውቅም። ፈቃድሽን ለዚያ መጠቀም ከፈለግሽ ሂጂ፣ ለበረከት ሂጂ። ለጥያቄሽ መልስ ግን እሱ አይደለም።

ጓደኛሽ ደግሞ ግማሹን ልክ ናት። የፈረንጅ ነገር ነው ያለችው ላይ አልስማማም፤ ጽሞና፣ አርምሞ፣ ተመስጦ የሚሉ ቃላት ከፈረንጅ አልመጡም። እርግጥ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሰጠውን የስምንት ሳምንት ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ውስጥ ጆን ካባት-ዚን ነው የጀመረው፤ እሱም ከቡድሂስቶች ልምድ ወስዶ። ግን የእኛን ሰዎች አስቢ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት በቀን ሰባት የጸሎት ጊዜ አለ። ሙስሊሙ በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል፤ በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት መስጊድ ውስጥ ኢዕቲካፍ የሚገባም አለ። አባቶች የሚያውቁት ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ቀኑን በትንሽ በትንሹ ቆርጦ ማቆም። አጭር፣ ግን በየቀኑ፣ ግን በሰዓቱ። በዓመት አንዴ ሰባት ቀን የሚለው ለተጨማሪ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ የምትጸልዪ ከሆነ አዲስ ነገር መጨመር አያስፈልግሽም፤ «ይሄን ስጠኝ፣ ያን አድርግልኝ» ብለሽ ስትጨርሺ ወዲያው አትነሺ። ትንሽ ቆዪ። ከዚያ በላይ ያለውን የንስሐ አባትሽን ወይም ኡስታዝሽን ጠይቂ፣ የእኔ ሙያ አይደለም።

እንግዲህ የምልሽ በቀን 12 ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። መቼና የት? ምሳ ሰዓትሽን ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ጠዋቱ የልጆች ነው፣ ማታው አልቀሽ ነው የምትደርሺው። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ግን አለሽ፤ ሰው ምሳውን በ20 ደቂቃ በልቶ ቀሪውን ቲክቶክ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ሰንጋ ተራ ደግሞ እንደምታስቢው ክፉ ሰፈር አይደለም። ፎቁ ከ200 ሜትር በላይ ወጥቶ ሰው የሚያርፍባት አግዳሚ ወንበር ብትጠፋም፣ በእግር የሚደረስበት ነገር አለ። ልደታ ማርያም ግቢ ከዛፍ ሥር መቀመጥ ይቻላል፤ ወደ ውስጥ ካልገባሽ ጫማ ማውለቅም የለብሽም፣ ነጠላ ካለሽ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ብቻሽን ዝም ብለሽ ተቀምጠሽ «ምን ሆነሻል?» የማትባዪበት ብቸኛው የአዲስ አበባ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ዕወቂ፦ በጾም ወቅት ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሄድ የድምፅ ማጉያው በምሳ ሰዓትሽ ይሠራል፣ ወር በገባ በ1 ደግሞ ልደታ ስለሆነች መቆሚያም አታገኚ። ሙስሊም ከሆንሽ የዙሁር ሶላት ሰዓቱ ራሱ ይገጥምልሻል፤ ከሰላምታው በኋላ ሰው ሲበተን አንቺ ቆዪ፣ አርብን ግን እርሺው።

ሁለተኛው ምርጫ ወመዘክር ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ለአንቺም ቅርብ ነው። መጽሐፍ ከፍተሽ ፊትሽ አስቀምጪ፣ ገጹን ባትገልጪው ማንም አይቆጣጠርሽም። ተማሪ ደብተር ሲገልጥ የሚሰማው ድምፅ፣ ወንበር ሲጎተት፣ አንድ ሰው ሲያስል፤ ይሄ ከአንቺ ምንም የማይፈልግ ድምፅ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆትም ሰፊ ነው፣ ግን ለምሳ ሰዓት ይርቅሻል፣ በፈተና ሰሞንም ይሞላል። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ ያለችበትን ክፍል ወይም ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ያለውን የድሮ ቤተ መንግሥት ሙዚየም በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት ፈቃድ ስትወጪ እዪው፣ የተማሪ ጉብኝት ካልመጣብሽ ደስ ይላል። ወዳጅነት ፓርክም አንድነት ፓርክም ትኬት አላቸው፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሙሽራና ፎቶ አንሺ ይበዛል። እንጦጦ ከነቤተሰብሽ የሚኬድበት ነው። ካፌ አልመክርሽም። ቶሞካ ቡና ቤት ቆመሽ የምትጠጪው ማኪያቶ ደስ ይላል፣ ግን እሱ ለወሬ ነው፤ ቁጭ የምትዪበት ካፌ ደግሞ አስተናጋጇ «ምን ልጨምር?» እያለች ትመጣለች። ዝናብ ከሆነ የመሥሪያ ቤታችሁ ባዶ የስብሰባ ክፍል ይበቃል። ከሁሉም ውስጥ ምረጪ ካልሽኝ የልደታን ግቢ እመርጣለሁ፣ ለጾሙ ወራት ወመዘክርን። አንዱን ያዢና አትቀያይሪ፤ ቦታው ሲለመድ ጭንቅላት በሩ ላይ ሲደርስ ራሱ ዝግ ማለት ይጀምራል።

እንዴት? ቀላል ነው፣ አሰልቺም ነው። ተቀመጪ፣ ዓይንሽን አትጨፍኚ (ያው ትተኚያለሽ)፣ ሁለት ሜትር ፊትሽ ያለውን መሬት ተመልከቺ። አራት እስክትቆጥሪ በአፍንጫ ሳቢ፣ ስድስት እስክትቆጥሪ ቀስ ብለሽ አውጪ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል፤ አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ይረግባል፣ ይሄ በብዙ ጥናት የታየ የሰውነት አሠራር ነው። ሐሳብ ይመጣል። «እቁቡን ልኬያለሁ?» ይላል። «እቁብ» በዪውና ወደ ትንፋሽሽ ተመለሺ። ሃምሳ ጊዜ ብትሄጂ ሃምሳ ጊዜ ተመለሺ፤ መመለሱ ነው ሥራው፣ ክብደት እንደ ማንሣት ቁጠሪው። ሰዓቱን በእጅ ሰዓት እዪ፣ የእጅ ሰዓት ከሌለሽ ከመርካቶ ግዢ፣ ርካሹ ይበቃል። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ይቅር። «ልጆቹ ቢታመሙ ትምህርት ቤቱ ቢደውልስ?» ትዪኛለሽ። የባልደረባሽን ቁጥር ለትምህርት ቤቱ ስጪ። በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚመጣውን ነገር እሷ ትመልሰዋለች።

ታክሲውም አለ፤ ማታ ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ ያለውን ስልክ ሳታወጪ በመስኮት እያየሽ ሂጂ። ከዚያ በኋላ እንደፈለግሽ። ቅዳሜ ቡና የምታፈዪ ከሆነ ደግሞ ሌላው ቤት ሳይነሣ ቀደም ብለሽ አፍዪው። ቁሌቱና ውቀጣው ራሱ ያሳርፋል፣ እጅ ሲሠራ ጭንቅላት ይለቃል። አቦሉን ብቻሽን ጠጪ። ቶናና በረካው የቤተሰብና የጎረቤት ነው።

ይሄ ነገር የማያደርገውንም ልንገርሽ። ደመወዝሽን አይጨምርም፣ ታክሲውን አያሳጥርም፣ በቤታችሁ ውስጥ ሥራው አንቺ ላይ ብቻ የተከመረ ከሆነ እሱን አያስተካክልም። ጸጥታን ተሸክሞ ለመቻል ብቻ የሚጠቀምበት ሰው አለ፤ ያንን አልወድም። ደግሞ ለሁሉም ሰው አይሆንም። ዝም ብለሽ ስትቀመጪ ያለፈ አስፈሪ ነገር ፊትሽ የሚመጣ ከሆነ፣ ልብሽ የሚሮጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥርሽ ከሆነ አቁሚና ተራመጂ፣ ብቻሽንም አትቀጥዪው፣ ባለሙያ ፈልጊ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀኑን ሙሉ የሚከፋሽ፣ ድሮ የምትወጂው ነገር የማያስደስትሽ፣ ብትተኚም እንቅልፍ እምቢ የሚልሽ ከሆነ ይሄ የትንፋሽ ቆጠራ ጉዳይ አይደለም። ሞት ሞት የሚልሽ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለምታምኚው ሰው ተናገሪና ሂጂ። አማኑኤል ሆስፒታል ይህንኑ ያያል፣ በትልልቆቹ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። መሄድ የሚያሳፍር የሚመስለው እስኪገባ ድረስ ነው። ከጻፍሽው ግን እዚህ ደረጃ ላይ ያለሽ አይመስለኝም። ደክሞሻል።

ስለዚህ የምልሽ ይሄን ነው፣ በቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ እንቅልፍ፤ ለሁለት ሳምንት ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ አልጋ ላይ ትሆኛለሽ። ዕቃውን ባልሽ ይጠብ፣ ምሳውንም እሱ ይቋጥር። ይሄን ጽሑፍ አንብቢለት፤ ገዳም ሂጂ ማለት ቀላል ነው፣ ስፖንጅ ማንሣት ነው የሚከብደው። ያም ሆኖ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፣ የቀረውን ግማሽ ሰዓት ከጠዋቱ ዝግጅት ላይ ለሁለት ተካፍላችሁ አውጡት፤ የልጆቹን ልብስ ማታ አውጥቶ ማስቀመጥ ብቻ 20 ደቂቃ ይቆጥባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ምሳ ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ያው ቦታ፣ 12 ደቂቃ። ለአራት ሳምንት። የመጀመሪያው ሳምንት ይሰለችሻል፣ ሁለተኛው ያናድድሻል። ለውጥ ካለ መጀመሪያ የሚያዩት ልጆችሽ ናቸው፤ ወተቱን ሲደፉ ከመጮኽሽ በፊት አንድ ትንፋሽ የምታክል ክፍተት ትኖራለች። ከዚያ የበለጠ ቃል አልገባልሽም።

ባልደረቦችሽ «የት ነው የምትሄጂው?» ይሉሻል። «ቀጠሮ አለኝ» በያቸው፣ ውሸት አይደለም። የሄድሽባቸውን ቀናት ወረቀት ላይ እያሰመርሽ ቁጠሪ፤ ከ20ው የሥራ ቀን 12ቱን ከሄድሽ በዚያው ቀጥዪ። ከ12 ካነሰ ቦታውን ወይም ሰዓቱን ቀይሪና ደግሞ ሞክሪ፣ ራስሽን አትውቀሺ። አፑን ግን ዛሬውኑ ከስልክሽ አጥፊው።